ኢትዮጵያ ሠላሳ አንድ፣ ናሩማ ሰባ ስምንት

ሺራ የናሩማን ንጉሥ ሁለት መቶ ዓመት ዙፋን ላይ ያቆየችው አስባበት ነው። ልጆቹ ዘጠና ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው፣ ጥርሳቸው ረግፎ፣ እስከ ዛሬ አልጋ ወራሽ እየተባሉ ይጠራሉ። ወታደሩ ደመወዙን የሚቀበለው በጨው ነው፤ ጨው የሚወጣበት ሐይቅ ደግሞ ከደረቀ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ናሩማ የትም ካርታ ላይ የለም። የዐሥራ ስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሺራ፣ ሐደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ እኛ ቤት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የፈጠረችው አገር ነው።

የታሪክ መምህሯ ሊሞር ለክፍሉ የሰጠችው ሥራ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ግዛት ከራሱ ይፈጥራል፤ አብዮት የተነሣበት አንድ እውነተኛ አገርም ይመርጣል፤ ከዚያ ሁለቱን በአንድ መለኪያ ይመዝናቸዋል። መለኪያው አምስት ጥያቄ አለው። እህል ተወዷል ወይ? ወታደሩ ጠግቧል ወይ? ወራሹ ይታወቃል ወይ? ተማሪው ተነሣሥቷል ወይ? ረሃብ ሲገባ ለገዢው የሚነግረው ሰው አለ ወይ? ለእያንዳንዱ እንደ ችግሩ ክብደት እስከ ሃያ ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ወደ መቶ በተጠጋ ቁጥር ዙፋኑ እየተነቃነቀ ነው ማለት ነው። የእህልና የነዳጅ ዋጋ፣ ረሃብም ካለ፣ በየዓመቱ የተጻፈበት ሰንጠረዥ ሊሞር ራሷ አድላቸዋለች። ሌላውን ከኢንተርኔት መቅዳት ክልክል ነው። በዘመኑ የነበረ፣ በሕይወት ያለ ሰው ፈልገው ከአፉ መስማት አለባቸው።

ሺራ ኢትዮጵያን መረጠች። እኔም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ጠበቅኋት።

ትዕቢት እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህ ሰፈር ምስክር እኔ ያየህ ነኝ። በፈረንጁ 1984 ከአምቦበር ተነሥቼ በእግሬ ሱዳን ገብቻለሁ፤ ታናሽ ወንድሜን እዚያው ቀብሬዋለሁ። በየትምህርት ቤቱ «ከአያቶቻችሁ አንዱን ጠይቁ» በተባለ ቁጥር ልጆች የእኛን ደረጃ ይወጡ ነበር። የሺራ እናት፣ ልጄ ዮኒት፣ በልጅነቷ ስለ እኔ ጽፋ ተሸልማለች። የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ፣ የት ላይ ውሃ እንደምጠጣ አውቀዋለሁ።

«ሳባ፣» አለችኝ ሺራ። አያቷን በዕብራይስጥ ነው የምትጠራው። «በማሐፔኻው ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?» ማሐፔኻ የምትለው አብዮቱን ነው።

«መንደራችን። አምቦበር።»

«ምን አዩ?»

እውነቱን ለመናገር ምንም አላየሁም። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሬው ከሳምንት በኋላ በሰው ራዲዮ ደረሰን፤ በዚያው ሳምንት ላማችን መንታ ወልዳ ነበርና ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥጆቹ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት፤ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ይልቅ የሱዳኑን ልንገርሽ፣» አልኳት።

«ሳባ፣ የሱዳኑን እኮ ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ዓይኗ ደብተሯ ላይ ነበር። «አባባ አንዳርጌ ግን ጎንደር ከተማ ተማሪ ነበሩ። ሰልፍ ወጥተዋል።»

አንዳርጌ ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነው። የመጣው በፈረንጁ 1991 ነው፤ እኔ እግሬ እስኪላጥ የሄድኩትን መንገድ እሱ በአውሮፕላን ተቀምጦ በአራት ሰዓት ጨርሶታል። ኢንዱስትሪ ዞን አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ የፈረቃ ኃላፊ፣ እሱ ካርቶን አሻጊ። በአንድ ዓመት ስለምበልጠው እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የሚለኝ። ዕብራይስጡ ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር እንኳ አያግባባውም። የሚቀናበት ሰው አልነበረም፤ ቀንቼበትም አላውቅም ነበር።

ሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ጀመረች። ሰኞና ሐሙስ የእኛ ቀን ነበር። አለሚቱ፣ ባለቤቴ፣ የሺራን ምሳ ሸፍና ታስቀምጣለች፤ ሺራ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሊመሽ ሲል ብቅ ብላ «በልቻለሁ» ትላለች። የት በላሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ደሙ ግን ወደ ጆሮዬ ይወጣል።

ከሁሉ የከነከነኝ አማርኛዋ ነው። ከእኔ ጋር ከግማሽ በላይ የምታወራው በዕብራይስጥ ነው፤ ስለምሰማት። አንዳርጌ ስለማይሰማት ለእሱ ስትል ቃል ትፈልጋለች፣ ትጠይቃለች፣ ተሳስታ ትደግማለች። አንድ ቀን ከእሱ ቤት መጥታ አለሚቱን «እንደምን ዋሉ፣ ደህና ሰነበቱ ወይ?» አለቻት፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ። አለሚቱ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

«ማን አስተማረሽ የኔ ልጅ?»

«አባባ አንዳርጌ።»

ዕብራይስጥ ለማወቅ የለፋሁትን ዓመታት አስቤ እራቴን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ አለሚቱ፣ ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣ «በሃምሳ ዓመት ትዳር ለእኔ ያልቀናኸውን በአንዳርጌ ትቀናለህ?»

«ማን ቀና?»

«የበር እጀታውን ልትነቅለው ነበር።»

በሁለተኛው ሳምንት ናሓል ሐደራ የሚባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ ሄድኩ። ለእግር ጉዞ ነው ብዬ ነው የወጣሁት፤ ለአለሚቱም እንዲያ ነው ያልኳት። ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ከወንዙ ዳር ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሁለቱ ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ካለው ወፍራም ግንድ ጀርባ ቆምኩ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ዛፍ ተከልሎ ሰው መስማት ያሳፍራል፤ ቢሆንም አልተንቀሳቀስኩም።

«ነገሌ ያሉት ወታደሮች መጀመሪያ ያመፁት በምግብና በውሃ ነው፣» ይላል አንዳርጌ፣ በዚያ በተረጋጋ ድምፁ። «ከዚያ ነዳጅ ተወደደና ታክሲው ቆመ። ከዚያ መምህራኑ። እኛም ደብተራችንን ጥለን ወጣን። ወሎ ሰው በረሃብ እያለቀ፣ ንጉሡ ዘንድ ግን ማን ይንገር? ሁሉም ለእንጀራው ይፈራል።»

«ናሩማ ውስጥም እንደዚያ ነው፣» አለች ሺራ። «ሐይቁ መድረቁን ለንጉሡ የነገረው የለም። ስንት ልስጠው?»

«ለዚህስ ዐሥራ ስምንት ስጪው። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ንጉሥ ሁለት መቶ ዓመት ከኖረ፣ ትልቁ ጠላቱ ሕዝቡ አይደለም፤ እነዚያ ሽማግሌ ልጆቹ ናቸው። ሲጠብቁ ነው ያረጁት። ለወራሹ ሃያውን ሙሉውን ስጪው።»

ሺራ ብድግ አለችና አጨበጨበች። ይህን ነገር አላሰብኩትም አለች፤ ጻፈች፤ ደግማ ሳቀች።

ናሩማን መጀመሪያ ያመጣችው ለእኔ ነበር። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ንጉሡ ልትነግረኝ ስትጀምር «የሌለ አገር ንጉሥ ምን ያደርግልሻል? ቁም ነገር ጻፊ» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ከግንዱ ጀርባ ቆሜ አስታወስኩት። ብስጭቴ ግን በራሴ ላይ መሆን ሲገባው እንዳለ ወደ አንዳርጌ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሥራዋን በዕብራይስጥ አትማ ይዛልኝ መጣች። ዐሥራ ሁለት ገጽ ነበር።

«ሳባ፣ ይዩልኝ፣» አለች። «ስሕተት ካለ ይንገሩኝ። ነገ ነው የማስረክበው።»

መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ ሦስተኛ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ። «የኢትዮጵያ አብዮት በየካቲት 1966 ፈነዳ» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር እንደገባን፣ አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት መርከዝ ቅሊታ ሳለን፣ ጸሐፊዋ የልደት ቀን ስትጠይቅ ሰዉ ይጨነቅ ነበር። አንዱ «ወንዙ የሞላ ዓመት» ይላል፤ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ይናገርና እሷ እንደ ፈረንጅ አድርጋ ትጽፈዋለች፤ የሠላሳ ዓመት ሰው ባንድ ጊዜ ሠላሳ ስምንት ይሞላዋል። እኔ ከጎኗ ወንበር ተሰጥቶኝ እለውጥ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ትጨምራለህ፤ ከዚያ ወዲህ ስምንት። ቤት ኤሊዔዘር ካሉት ሽማግሌዎች የግማሹ የመታወቂያ ዓመት ከእኔ ጣት የወጣ ነው። ሌላ የማውቀው ሙያ ብዙም የለኝ፤ ይህን ግን ተኝቼም አልስተውም።

አንዳርጌ እንደ ልማዱ በአገር ቤት አቆጣጠር ነግሯታል፤ የካቲት ስድሳ ስድስት፤ እሷም እንዳለ ጽፋዋለች። መሆን የነበረበት 1974 ነው። ስምንት ዓመት ጎድሏል። ቀጥዬ ሳነብ ስምንቱ ዓመት ያደረገውን አየሁ። የሊሞር ሰንጠረዥ በፈረንጅ ነው። ሺራ ከሰንጠረዡ የ1966ን ዋጋ ስታይ እህሉ ርካሽ፣ ነዳጁ ርካሽ፤ ረሃብ የሚባል ነገር የለም። ለእህሉ ሁለት፣ ለረሃቡም ሁለት ነጥብ ብቻ ሰጥታለች። ድምሩ አርባ ሦስት ነው። ናሩማ ሰባ ስምንት። ከሥሩም እንዲህ ብላለች፦ «ምስክሩ ታላቅ ችግር እንደነበረ ይናገራሉ፤ ቁጥሮቹ ግን ይህን አያሳዩም።»

ልቤ ውስጥ የገባው ደስታ ነበር። ስሙን ለውጬ ልጠራው አልችልም። አንዳርጌ በዐሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ ወሬኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ እኔ ጣቴን አላነሣሁበትም።

«ሳባ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፣» አለች። «አባባ አንዳርጌ ያሉት ከሰንጠረዡ ጋር አይገጥምም። ለወታደሩና ለተማሪው ከሰጠሁት ውስጥ ዐሥራ ሁለቱን ነጥብ የጨመርኩት እሳቸውን ብቻ አምኜ ነው። ልተወው ወይስ ላውጣው? እርስዎ ያውቋቸዋል።»

«አንዳርጌ ጥሩ ሰው ነው፣» አልኩ። ጥሩ ነው ብሎ መጀመር እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። «ግን አንዱን ዐሥር አድርጎ ማውራት ልማዱ ነው። መጋዘን ሳለንም እንዲሁ ነበር።»

ፊቷ ጠቆረ። እስክሪብቶዋን አውጥታ ዐሥራ ሁለቱን ሰረዘች። ኢትዮጵያ ሠላሳ አንድ ሆነች።

«ሌላውስ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣» አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፌ ሰጠኋት። በአገሬ በአብዮቱ ሰሞን ሰው ጎረቤቱን የሚጠቁመው በዚህ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ በዚያች ሰዓት ይህ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ትምህርት ቤት ተጠራን። ወላጆችም ምስክሮችም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። አንዳርጌ ከረቫት አስሮ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ላይ ስሙ ተጽፏል። እኔ፣ አለሚቱና ዮኒት ከኋላው ነን። እኛ ወንበር ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

አንዲት ልጅ ባሕር ሥር ያለ ግዛት ፈጥራ ከፈረንሳይ ጋር አወዳደረች። ሌላው ንጉሡ ማሽን የሆነበት አገር አምጥቶ ከሩሲያ ጋር መዘነ። ከዚያ ሺራ ወጣች። ናሩማን ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ስለ ሽማግሌዎቹ አልጋ ወራሾች ስታወራ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ መጣች። ሠላሳ አንድ ከመቶ። «ይህ እንቆቅልሽ ነው፣» አለች በዕብራይስጥ። «መለኪያው አይፈርስም የሚለው ዙፋን ፈርሷል። አንዱ ምክንያት የምስክሩ ትዝታ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲያረጅ ያለፈውን ያጋንናል።»

አንዳርጌ ቃሉ አልገባውም። ስሙ የተነሣ መስሎት ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያንን ፈገግታ ከኋላው በጎን አየሁት። የጠበቅሁት ደስታ ግን አልመጣም።

ሊሞር እጇን አነሣች። «ሺራ፣ 1966 ነው የምትይው? እኔ የማውቀው 1974 ነው።»

«ምስክሩ እዚያው ነበሩ፣» አለች ሺራ። አንዳንዱ ሳቀ።

«እንግዲያው እንጠይቃቸው።»

ሺራ ወደ አንዳርጌ ዞራ በአማርኛ ጠየቀችው። እሱም ተነሥቶ ቆመ፤ ሽማግሌ ሆኖ ለልጅ ይቆማል። «አዎ፣ የካቲት ስድሳ ስድስት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በፈረንጁ ስንት እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ዓመቱን ለሳባሽ አሳዪው፣ ጋሼ ያየህ ናቸው የሚያውቁት ብዬሽ አልነበር ልጄ?»

«አሳይቻቸዋለሁ፣» አለች ሺራ ቀስ ብላ። «ሁሉንም ገጽ አሳይቻቸዋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከመካከላቸው ዓመታቸውን የለወጥኩላቸው አራት ሰዎች ነበሩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳርጌ ቀደመኝ።

«የጋሼ ያየህ ዓይን ደክሟል፣» አለ። «ፊደሉም ደቃቃ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔው ጠይቄ ማጣራት ነበረብኝ።»

ሊሞር ነገሩ ሲተረጎምላት ደግ ሆነች። ሥራውን አስተካክላ እሑድ እንድታመጣ ለሺራ ጊዜ ሰጠቻት።

መኪና ውስጥ ማንም አልተቆጣኝም። ዮኒት እየነዳች ከመስታወቱ ታየኛለች። «አባዬ፣ ሰሞኑን ራስዎን ያዞርዎታል?» አለችኝ። ቤት ስንደርስ በረንዳ ላይ ቆማ ስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ ቁፓት ሖሊም፣ የጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ደውላ የማስታወስ ምርመራ ቀጠሮ ትይዝልኝ ነበር። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገች። አለሚቱ ብቻ ነች ትክ ብላ ያየችኝ።

ረቡዕ ሺራ መጣች። ሐሙስም መጣች፤ ሐሙስ የአንዳርጌ ቀን ሆኖ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ቀስ ብላ፣ ጮክ አድርጋ፣ ለታማሚ እንደሚወራ ታወራለች። «ሳባ፣ የሱዳኑን ይንገሩኝ፣» አለች ሳልጠይቃት። ነገርኳት። ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻ ሰማችኝ፤ ወንድሜ ጋ ስደርስ እጄን ያዘች። ሦስት ሳምንት የተመኘሁት ሁሉ ተሟልቶ እጄ ገባ። አንዳርጌ በመስኮቱ ሲያይ አየሁት፤ አልጠራችውም። ዝም ብል እንዲህ ሆኖ ይቀጥላል ብዬ አሰብኩ። ሐኪሙ ቢመረምረኝም የሽማግሌ ነገር ነው ይላል፤ እኔም አልፎ አልፎ አንድ ቀን ስሳሳት፣ አንድ ስም ስረሳ፣ ልጅቷ የእኔ ሆና ትቀራለች። ይህን በደንብ አስቤበታለሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ወረቀቶቿን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። አለሚቱ ድስቷ ላይ ነች። ሺራ 1966 ያለውን ሁሉ 1974 እያደረገች፣ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ እያየች ደመረች። እህሉ ተወዷል፤ ነዳጁ ተወዷል፤ ረሃቡም እዚያው ቁጥሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሠላሳ አንዱ ስድሳ አንድ ሆነ።

ከዚያ የሰረዘቻቸው ዐሥራ ሁለት ነጥቦች ላይ ደርሳ ቆመች።

«ሳባ፣» አለች፤ ድምፅዋን አለሳልሳ። «እነዚህን ልመልስ አልመልስ አላውቅም። አባባ አንዳርጌ ያጋንናሉ ብለውኝ ነበር። ያስታውሳሉ? ካላስታወሱም ቤሴደር ነው፣ ችግር የለም።»

በሩን ከፍታልኛለች። አላስታውስም ብዬ ብወጣ ማንም አይይዘኝም። አንዳርጌም ወሬኛ ሆኖ ይቀራል፤ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ነው፣ ማን ያየዋል። እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ፊቷ ላይ ያለው ርኅራኄ ነው፤ ያንን ርኅራኄ መቋቋም አቃተኝ።

«መልሺለት፣» አልኳት። «ሁሉም እውነት ነው። አንዳርጌ አጋንኖ አያውቅም። መጋዘን ሳለንም አንድ ቀን አልዋሸም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉኝ?»

«ዓመቱንም አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር። ወዲያው ነው ያየሁት።»

አለሚቱ የድስቱን ክዳን ገጠመች። ሺራ ከወረቀቷ ቀና አለች።

«አይተው ነው ደህና ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«ላማ?»

ለምን ማለቷ ነው። «ቀናሁ፣» አልኳት። «በአንዳርጌ ቀናሁ። እሱ ጋ ስትስቂ ሰማሁሽ። ሰው ፊት እንዲዋረድልኝ ፈለግሁ። አንቺ እንደምትዋረጂ አላሰብኩትም፤ ብቻዬን ሆኜ የማስበው ስለ እሱ ብቻ ነበር።»

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። አንገቷን ደፍታ ከኢትዮጵያ ስም አጠገብ ስድሳ አንዱን ሰርዛ ሰባ ሦስት ጻፈች። ከዚያ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤታችን ስትወጣ ጉንጬን ስማኝ ነው፤ ተነሥቼ ጠበቅኋት። ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ደረሰች፤ እዚያው ሆና፣ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

«ማክሰኞ ማታ እማዬ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ፣» አለች። «ረስተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»